የጋሼ ባየን ፒካፕ በድጓ ምልክት የጻፍኩበት ደብተር

ባለፈው ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ላይ ከገበያ ስመለስ፣ አንዲት ነጭ ፒካፕ አጠገቤ ደርሳ ፍሬን ያዘችና ከሆዷ ውስጥ «ኳ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ። መንገዱን የዘጉት በጎች አልፈውላት ስትነሳ ደግሞ እንደገና «ኳ!»። እኔ ባለሁበት ተተከልኩ። ጉልበቴን የሚያመኝ ሴትዮ በዣንጥላዬ ጫፍ በሯን እየደበደብኩ ጥቂት እርምጃ ስከተላት፣ ሰው ሁሉ የተሰረቅሁ ነው የመሰለው። ሹፌሩ ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ ወጣት ነው። መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«አንተ ልጅ፣ ስትቆም አንድ ጊዜ ኳ፣ ስትነሳ አንድ ጊዜ ኳ ትልብሃለች አይደል?»

«ኧረ የመንገዱ ነው እማማ» አለና ሳቀ።

«መንገዱማ አስፋልት ነው! ስትጭናት አይብስባትም?»

ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። «በምን አወቁ?»

«ከደብተር» አልኩት። የምን ደብተር እንደሆነ ለመንገር ግን ቦታም ጊዜም አልነበረም፤ ከኋላ ያሉት ባጃጆች ክላክሳቸውን ያስጮሁ ጀመር። «ዛሬውኑ ከሥር አስፈትሻት» ብዬው ተለያየን። ቤት እንደገባሁ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ የድሮውን ሣጥን ከፈትኩ። ደብተሩ አለ! ጥጉን አይጥ ቀምሳዋለች፣ ሽፋኑ ወይቧል፣ ግን አለ። ይኸው አሁንም ፊቴ ተዘርግቷል፤ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ጃንሆይ በነበሩበት ዘመን ነው፤ ዓመቱን በትክክል አልቆጥርም። ንፋስ መውጫ ያኔ አንድ ረጅም መንገድና ግራ ቀኙ ላይ የተደረደሩ ቤቶች ነበረች፤ ቆርቆሮ የለበሱት በጣት የሚቆጠሩ፣ ቀሪዎቹ ሣር። ከገበያው ጥግ፣ ሁለቱ ባሕር ዛፎች ሥር፣ የአረቡ ሱቅ ነበር። ሱቁ ውስጥ የላምባ፣ የሳሙናና የከረሜላ ሽታ አንድ ላይ ተዋህዶ አንድ ሌላ ሽታ ሆኗል፤ ዛሬም ላምባ ሲሸተኝ አፌ ውስጥ ከረሜላ የገባ ይመስለኛል። በአምስት ሳንቲም እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ይገኛል። ደብተር ስሙኒ ነው። ሸራ ጫማ ያላት ልጅ በአገሩ ይወራላታል፤ እኔ በበኩሌ አንድ አበባ ያለበት የአቡጀዲ ቀሚስና የእናቴ አሮጌ ነጠላ ነበሩኝ፤ አምሮብኛል ብዬ አስብ ነበር፣ ዛሬም የማስበው እንደዚያው ነው። ዕድሜዬ አሥራ አራት ነው፣ ስድስተኛ ክፍልን እየጨረስኩ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጻፍ እችላለሁ! ማንበብማ ቀደም ብዬ ነው የቻልኩት። መጻፍ ግን፣ ማለት ከራሴ አውጥቼ፣ ማንም ሳያስጽፈኝ፣ ያየሁትን ነገር ወረቀት ላይ አስቀምጬ በማግስቱ እዚያው ማግኘት፣ ያን ሰሞን የመጣልኝ ነገር ነበር። የበግ ለምድ ቢሆን፣ የጎረቤት ጠብ ቢሆን፣ የጉና ደመና ቢሆን፣ ካልጻፍኩት ያለፈ አይመስለኝም ነበር።

ጋሼ ባየ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጎንደር ሄዶ ሹፌርነት ተምሮ፣ የሰው መኪና ስንት ዓመት ነድቶ፣ በመጨረሻ የበሶብላ ቅጠል የመሰለች አረንጓዴ አሮጌ ፒካፕ ይዞ አገሩ ገባ። ካኪ ኮት፣ ጥቁር መነጽር፣ በመሐል የተከፈለ ፀጉር። መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ ስለማያወልቀው እኔ ዓይኑ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። መንገዱ የበጋ መንገድ ነው፤ መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። በዚያች በጋ ከንፋስ መውጫ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ሰው ጭኖ በጉና ጥግ አልፎ ደብረ ታቦር ያወርዳል፤ ሲመለስ ጨውና ላምባ፣ ቆርቆሮና ሰው። መሳፈሪያው ብር ከሃምሳ ነበር፣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ምርቃት ብቻ።

እኔን ደብረ ታቦር ሰባተኛ ክፍል የሚያስገባኝ የዚች መኪና መኖር ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ አስመስክረው መጥተው ደብራቸውን የሚያገለግሉ፣ እቤታችንም ጓሮ ካለችው ጎጆ ተማሪ የሚያስተምሩ። ሴት ልጃቸውን ብቻዋን ሌላ ከተማ መስደድ አልዋጥ ብሏቸው ቆየና በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ባየ ይወስዳታል። አክስቷ ቤት ትቀመጣለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ ባየ ያመጣታል፣ አያታለሁ፣ ትመለሳለች። መኪናዋ ካለች እሺ። መኪናዋ ከሌለች የለም።» በቃ። ከዚያ በኋላ ስለዚች መኪና ጤንነት ከእኔ በላይ የሚጨነቅ በጋይንት ምድር አልነበረም።

እሷ ታዲያ መንኳኳት ጀመረች። ከፋሲካ በኋላ ነው። ቁልቁለት ስትይዝ ከሥሯ «ኳ»፣ ከዚያ «ርርርር» ይላል፤ አንዳንዴ ጎርባጣ ላይ ያለ ማቋረጥ ይንኳኳል። ተሳፋሪ ማማተብ ጀመረ። አንድ ቄስ ጠበል ረጩባት። ገበያ ላይ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ወጣና እንዲህ አለ፦

«አትጫኗት አትንዷት ሆዷን እያመማት፣
የባየን መኪና ጠበል አስጠምቋት።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ባየ ለአዝማሪው ሽልንግ ሸለመው፣ ግን ያን ዕለት ራቱን አልበላም።

መካኒኩ ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ ሰይድ ይባላል፤ ከመኪና ጋር ያረጀ፣ ጣቶቹ እንደ ቡሎን የደነደኑ ሰው። ጋሼ ባየ ሦስት ጊዜ ወሰደለት። ሦስቱንም ጊዜ መኪናዋ ድምፅ የለ ምን የለ፣ ጭምት ሆነች! ሰይድ ነዳት፣ ዞረባት፣ ጆሮውን አቀና፣ ምንም። አንዴ የጭስ ማውጫዋን አጠበቀላት፣ አንዴ በሯን፣ አንዴ የጎን ሳንቃዋን። በሦስተኛው «ባየ» አለው፣ «መኪናዋ ጤነኛ ናት። አንተ ጆሮህን ታከም።»

ምስጢሩ ምን እንደነበረ ዛሬ ስናገረው እንባ እስኪወጣኝ ያስቀኛል። ጋሼ ባየ ኩሩ ሰው ነው። ወደ ባለሙያ ደጅ ቆሻሻ መኪና ይዞ መሄድ ለእሱ እድፍ ለብሶ ሠርግ ቤት እንደመግባት ነው። ስለዚህ ሰይድ ጋ ሳይደርስ ወንዙ ዳር ያቆማታል። እህሉን መጀመሪያ ነጋዴው ቤት አራግፎ መጥቷል፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ኮተት ሁሉ አውጥቶ አክስቴ ቤት አስቀምጧል፤ ያጥባታል፣ በጨርቅ ያሻታል፣ ከዚያ ባዶዋን፣ እያበረቀረቀች፣ በቀስታ፣ በደልዳላው መንገድ ወደ ሰይድ። ሕመምተኛዋን አድኖ ነበር ወደ ሐኪም የሚወስዳት! ይህን ግን ያኔ ማንም አላሰበውም፣ እኔም ጭምር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ የእስቴ ባለወፍጮ መጣ። መኪናዋን አልፈለጋትም፤ ሞተሯን አውጥቶ ወፍጮ ሊያዞርበት ነው። ጋሼ ባየ እቤታችን ቁጭ ብሎ ለእናቴ «ሰው በእኔ እጅ ከሚሞት ትፍጭ» አላት። «ለሰኔ ሚካኤል መልስ እሰጠዋለሁ ብዬዋለሁ።» እኔ ከጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰኔ ሚካኤል ሊደርስ ሦስት ሳምንት አልሞላም። ሰባተኛ ክፍሌ ገብስ ሲፈጭበት ታየኝ።

በማግስቱ በስሙኒ አዲስ ደብተር ገዛሁና «ጋሼ፣ አክስቴን ልጠይቅ ውሰደኝ» አልኩት። እውነቱን ነገርኩት ማለት ነው፣ ግማሹን። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ ሰይድ ድምፁን መስማት ካልቻለ፣ ድምፁን ጽፌ እወስድለታለሁ!

ጭነን ወጣን። ገብስ፣ አምስት ሰው፣ ሁለት ሙክት። እኔ ጋቢና ውስጥ፣ እርሳስ በእጄ። ጉዳዩ ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። «ኳ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ፤ «ኳ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም! አንዱ ከላይ ወርዶ የሚያርፍ ነው፣ ሌላው እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ። ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሌላ። ክምር ድንጋይ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ሳላስበው እጄ ከፊደሉ በላይ ምልክት አኖረ። የድጓ ምልክት፣ ዜማው ከቃሉ በላይ የሚጻፍበት! በሚንቀጠቀጠው ላይ የነጠብጣብ ሰልፍ የሆነችውን ርክርክ። ድንገት በሚያቆመው ላይ ቁርጥን። በሚረዝመው ላይ ይዘትን። እነዚህን ማንም አላስተማረኝም። ጓሮ ካለችው ጎጆ ግድግዳ ጀርባ ጥጥ እየፈተልኩ፣ አባቴ ተማሪዎቻቸውን ሲያርሙ ስሰማ፣ በስንጥቁም ብራናውን ሰርቄ ሳይ ነው የያዝኩት። ሴት ልጅ ለድጓ ምኗ ነው ይባል በነበረበት ቤት፣ ይህን እንደማውቅ ቢታወቅ ምን እንደሚደርስብኝ አላውቅም ነበር። ግን እርሳሱ አልቆም አለኝ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ!

ከምልክቱ ሥር ደግሞ የጋሼ ባየን እግር እያየሁ እጽፋለሁ፦ «ፍሬን ረገጠ፤ ኳ። ቆመን ሰው አወረድን፤ ተነሣን፤ ኳ። ጎርባጣ፤ ርርርር።» ከኋላ የተሳፈሩት የወገዳው ገበሬ አያ ውበቱ፣ ለመተንፈስ ስንወርድ ደብተሬን አዩና «ምን ትጽፊያለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«የመኪናዋን ድምፅ።»

«እሱማ ወገሉ ላልቶ ነው» አሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ሞፈርና እርፉን የሚያስረው ብረት ሲላላ፣ በሬው ሲነሣ አንዴ ይላል፣ ሲቆም አንዴ ይላል። እኔ ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል።»

ጋሼ ባየ በሳቅ ሞተ። «አያ ውበቱ፣ ይቺ እኮ ማረሻ አይደለችም!»

«ቢሆንስ? ብረትና ብረት ተሳስሮ የለም?» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ተመልሰው ወጡ። እኔ ይህንንም ጻፍኩት። የሰማሁትን ሁሉ ነበር የምጽፈው።

ያን ጉዞ ሰይድ ቤት አልሄድንም፤ ጋሼ ባየ ከእንግዲህ ሰይድ ፊት አልዋረድም ብሎ ነበር። ቤት ተመልሰን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ውኃ ቀድቼ ስገባ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ደብተሬን ዘርግተዋል። እንስራው ከጀርባዬ ሊንሸራተት ምንም አልቀረው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ አባየ።»

«ምልክቱን?»

«እኔ።»

«ከማን ተማርሽው?»

«ከእርስዎ። በግድግዳው ጀርባ።»

ገጹን ገለጡ። ቁጣ ስጠብቅ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ በለሆሳስ፣ ከዚያ በደንበኛው ድምፃቸው፣ ያ በዓል ቀን ደብሩን የሚሞላው ድምፅ፣ የመኪናዋን መንኳኳት አዜሙት! «ኳ… ርርርርርር… ኳ።» መቋሚያቸውን እየመቱ! እናቴ ከጓዳ እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ ወጣች።

«መሪጌታ! ምን ሆኑብኝ?»

«ዝም በይ እስቲ» አሏት። እንደገና አዜሙ። ገለጡ፣ ሌላውን አዜሙ። ከዚያ ጋሼ ባየን አስጠሩና እንዲህ አሉት፦ «ይህ አንድ ድምፅ አይደለም። ሁለት ናቸው። አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይቀበላል። አንተ ስትሰማ የኖርኸው ተቀባዩን ነው፤ ጩኸቱ ብዙ ስለሆነ መሪውን ሸፍኖብሃል። ተቀባዩን ዝም አሰኘው፣ መሪው ብቻውን ይቀርልሃል።»

ወጥተን መኪናዋን ዓይናችን እስኪደክም ፈተሽን። ተቀባዩ ክሪክ ነበር! መኪና ማንሻው ብረት፣ ከወንበሩ ጀርባ ሳይታሰር ተቀምጦ፣ ከታች አንድ ነገር ኳ ባለ ቁጥር እሱ ርርር እያለ ያስተጋባል። በጆንያ ጠቅልለን አሰርነው። ገበያው ቁልቁለት ድረስ ወርደን ፍሬን ያዝን። «ኳ።» ንጹሕ፣ ብቻውን፣ አንድ። ተነሣን። «ኳ።» ጋሼ ባየ ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ገረጣ። የሚያስፈራው የትኛው እንደሆነ አሁን ገብቶታል።

የዚያን ጊዜ ነው ስለ ማጠቡ የመጣልኝ። «ጋሼ፣ ሰይድ ጋ ስትወስዳት ክሪኩን ታወጣለህ። እህሉንም ታራግፋለህ። በቀስታ ነው የምትነዳት። መቼ ትንኳኳለት?»

«ታዲያ ከነጭቃዋ፣ ከነጆንያዋ ሰው ደጅ ልውሰዳት?»

«ከነጆንያዋ!»

«አላደርገውም።»

«እንግዲያው ለባለወፍጮው ስጣት» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ለታላቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። ፊቱን አዙሮ መኪናዋን አስነሣ። በነጋታው ግን ጫነ።

ስንነሣ አባቴ ደብተሩን በእጄ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለሰይድ አንብቢለት። ከዚያ ወደ እኔ ይመለሳል» አሉኝ። «ይህ ምልክት ለምስጋና የተሰጠ ነው፤ ለብረት አይደለም።» ሊያቃጥሉት ነው ብዬ ጉናን ሙሉ አለቀስኩ፤ ግን እያለቀስኩም እጽፍ ነበር።

ሰይድ ጭቃ የለበሰች፣ እስከ አፏ ገብስ የጫነች መኪና ደጁ ስትቆም ብቅ አለ። «ባየ፣ ታመምክ እንዴ? ዛሬ አላጠብካትም!» ጋሼ ባየ ወደ መሬት አየ። እኔ ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩ፤ አነበብኩ ሳይሆን አዜምኩ፣ ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ። መጀመሪያ ሰይድ ሳቀ። «ፍሬን ሲረገጥ አንድ፣ ሲነሣ አንድ» ላይ ስደርስ ሳቁን ተወ። «ድገሚልኝ እስቲ።» ደገምኩ። የአያ ውበቱንም ቃል አነበብኩለት። ጆንያ አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ገባ።

«ባየ! ማርሽ አስገባና አንዲት ስንዝር ሂድ። ፍሬን ያዝ!»

«ኳ።»

«ወደ ኋላ! ያዝ!»

«ኳ።»

«ባለህበት ቁም! ሞተር አጥፋ! እንዳትነካት!»

ጎንበስ ብዬ እንዳይ ጠራኝ። የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ወፍራም ብረት ላይ የተደራረቡ ዝርግ ሞላዎች ተቀምጠዋል። ሞላውን ከብረቱ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ላልተዋል፤ አንዱ ጭራሽ ጠፍቷል፤ በመሐል የሚይዘው ችንካርም ተቆርጧል። ፍሬን ሲያዝ ያ ብረት በሙሉ ጣት በሚያህል ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ስትነሣ ወደ ኋላ። ባዶዋን ስትሆን፣ በደልዳላ ላይ፣ አይነቃነቅም።

«ይኸው የገበሬው ወገል!» አለ ሰይድ። «ሌላ ሁለት ጊዜ ጉናን ብትወርዱ ኖሮ የኋላ ጎማዋ ጥሏችሁ ሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።»

ጋሼ ባየ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ እንደ እናቴ ዓይኖች ናቸው፣ ትልልቅና ቡናማ። ስንት ሰው ጭኖ እንዳለፈ እያሰበ ይመስለኛል። መነጽሩን ለረጅም ጊዜ መልሶ አላደረገውም።

ሰይድ በሁለት ቀን አዲስ ችንካርና ቡሎን አስገባላት። የእስቴው ባለወፍጮ ለሰኔ ሚካኤል መጣ፣ ጠላውን ጠጣ፣ ባዶ እጁን ሄደ። ደብተሬን ግን አባቴ እንዳዘዙኝ ስንመለስ አስረከብኳቸው፤ ሣጥናቸው ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ክረምቱን ሙሉ አላነሡትም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጎጆዋ ግድግዳ ላይ የነበረችውም ስንጥቅ አንድ ቀን በጭቃ ተለስና አገኘኋት። ነገሩ እዚያው አበቃ አልኩ።

ትናንት ያ ወጣት ሹፌር ጓደኞቹን ጠይቆ ቤቴን አፈላልጎ መጣ። «እማማ፣ ሞላዋን የሚያስረው ላልቶ ኖሯል፤ ችንካሩም ተቆርጧል» አለኝ፤ ቆብ ያደረገ ቢሆን ኖሮ ያወልቅልኝ ነበር። «ደብተር ያሉኝ የምን ደብተር ነው?» አሳየሁት። እርሳሱ ደብዝዟል፤ ቀዩ ቀለም ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል። «ቀዩ የማን ነው?» አለኝ።

ቀዩማ እንዲህ ነው። መስቀል አልፎ መንገዱ ደርቆ፣ ጋሼ ባየ መኪናዋን ከደጃችን አቁሟል። ሻንጣ የለኝም፤ ልብሴ በእናቴ ነጠላ ተቋጥሯል። ሰው ተሳፍሯል፣ እኔ ከጋቢናው ተቀምጫለሁ። አባቴ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ መጡና ከመስኮቱ ሥር ቆሙ። ጋሼ ባየ ሞተሩን አስነሣ፤ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ፍሬን ያዘ። ምንም። እንደገና ነዳ፤ ምንም። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከዚያ ከካባቸው ሥር ደብተሬን አወጡ።

ክረምቱን ሙሉ አርመውታል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የቀይ ቀለማቸውን ይዘው፣ ልክ እንደ አንድ ተማሪያቸው ብራና። ጣታቸውን አንዲት «ኳ» ላይ አኖሩ።

«እዚህ ቁርጥ አድርገሻል። ተሳስተሻል። ድምፁ ወርዶ ነው ያረፈው፤ ይህ ድፋት ነው።»

«እሺ አባየ።»

«እሺ አይደለም» አሉኝ፣ ለተማሪዎቻቸው በሚሉት በዚያው ድምፅ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ ስንት ዓመት በሰማሁት። «ድገሚ።»

ከኋላ የተሳፈሩት ሁሉ ዝም ብለው እየሰሙ፣ ጋሼ ባየ እጁን መሪው ላይ አድርጎ እየጠበቀ፣ ደገምኩት።